ክፍል አምስት መቼ ነው?

የመምህር ማርቆስን ሞት የሰማሁት ሾኔ መናኸሪያ ቆሜ ነው። ለሱቁ ዕቃ ገዝቼ ወደ ሆሳዕና የሚመለስ መኪና ስጠብቅ፣ ከሺንሺቾ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር አወቀኝና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ሰሚራ፣ የጂኦግራፊው መምህር አረፉ እኮ። ቀብሩ ነገ ነው» አለኝ። ስኳሩ እንደጠናባቸው ሰምቼ ነበር። ዛሬ ነገ ልጠይቃቸው እያልኩ ሁለት ወር አሳልፌያለሁ።

ማልቀስ ነበረብኝ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። አብረን የሠራነውን ነገር ከእኔ ሌላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እፎይታው የቆየው ሚኒባሱ ዞሮ እስኪወጣ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የገዛሁት የስኳር ከረጢት ላይ ተቀመጥኩና ሁለት መኪና እስኪያልፈኝ ድረስ አልተነሳሁም።

መምህር ማርቆስ ሆሳዕና ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። እኔንም ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አስተምረውኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎንበስ ያሉ ሰው ነበሩ። የኮታቸው ቀኝ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ብናኝ ነጭ ነው፤ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ያን ኪስ ማጠብ ከተወች ዓመታት አልፈዋል ይባል ነበር። የአፍሪካን ካርታ ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳያነሱ በአንድ ጊዜ ይስሉ ነበር። ከእኛው ቀንድ ይጀምራሉ፤ በሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ከታች ይታጠፋሉ፤ በምዕራቡ በኩል ሽቅብ ወጥተው፣ ሰሜኑን አዳርሰው፣ በቀይ ባሕር ተመልሰው የጀመሩበት ነጥብ ላይ ይገጥማሉ። ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋል። እሳቸው ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይሉና «እንግዲህ እንይ» ብለው ማስተማር ይጀምራሉ። ለሁሉም ነገር «እንግዲህ እንይ» ነበር የሚሉት። ለፈተና ወረቀትም፣ ለሠርግ ጥሪም፣ ለሐኪም ውጤትም።

ሌላው የሚታወቁበት ስም አጠራራቸው ነው። ሌሎች አስተማሪዎች መልስ ያጡበትን ስም ምልክት አድርገው ያልፋሉ። መምህር ማርቆስ አያልፉም። ቀና ብለው «የት እንደሄደ ማን ያውቃል?» ይላሉ። ከኋላ አንዱ «ሄዷል» ይላል። ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። በእኛ በኩል «ሄደ» ከተባለ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከሺንሺቾ፣ ከሙዱላ ገጠር ወንዱ ልጅ በየዓመቱ ደላላ እየተከተለ በየብስ ይወጣል። የደረሱት ያሠሩት ባለ ሰማያዊ መስታወት ፎቅ በየመንገዱ ዳር ቆሟል። ያልደረሱት ቤት ግን የትም አይታይም።

ካልደረሱት አንዱ የመምህር ታናሽ ወንድም ተሻለ ነው። «ታንዛኒያ ገብተናል፣ ሰላም ነኝ» ብሎ ከደወለ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናታቸው ለቅሶ እንዳይቀመጡ አስከሬን የለም፤ እንዳይጠብቁት ዓመታት ሄዱ። እንዲሁ በመሃል እንደተንጠለጠሉ ሞቱ። መምህር ስለ ተሻለ በክፍል ውስጥ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም ነበር።

እኔ ያኔ ከአባቴ ሱቅ አጠገብ በኮምፔርሳቶ የተከለለች አራት ኮምፒውተር ያላት ኢንተርኔት ቤት ነበረችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ የፈተና ውጤት፣ ዲቪ መሙላት፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ከዕለታት አንድ ቀን መምህር ማርቆስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«ሰሚራ፣ ይሄን ኢንተርኔት ላይ እንዴት ነው የሚሰቅሉት?»

የአሥራ አራት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። መምህር ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ስደት ይናገራሉ። ርዕሱን «ሕገ ወጥ ስደትና መዘዙ» አሉት። ቻናል ከፍቼላቸው ጫንኩት። በወሩ መጡና ስንት ሰው እንዳየው ጠየቁኝ። ሠላሳ አንድ። ከእነዚያ ውስጥ አሥሩ እኔ ነኝ።

አልተናደዱም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለምንድን ነው ያላዩት?»

«ስላልቀረበላቸው ነው» አልኳቸው። እኔ ራሴ የሻርፕ አስተሳሰር የማሳይበት ቻናል ሞክሬ፣ ስለዚህ ነገር ብዙ አንብቤ፣ መጨረሻ ላይ የተውኩት ሰው ነኝ። «ሰው ራሱ ፈልጎ የሚያገኘው ቪዲዮ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ድረ ገጹ ነው እየመረጠ ‹ደግሞ ይሄን እይ› ብሎ የሚያቀርብለት።»

«ማነው የሚመርጠው?»

«ሰው አይደለም። አልጎሪዝም ይሉታል። ስሌት ነው።»

ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ቃሉን ጻፉት። «ምን አይቶ ነው የሚመርጠው?»

«ሰው ስንት ደቂቃ እንደቆየ። ምስሉን አይቶ ነክቶት እንደሆነ። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንዳየ።»

«እውነት መሆኑንስ?»

«እሱን አያይም።»

ይህንንም ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ ይመጡ ነበር። እንደ ተማሪ ይጠይቁኛል፣ እንደ አስተማሪ መልሰው ያስረዱኛል። በእያንዳንዷ ሰከንድ ስንት ተመልካች እንደቀረ የሚያሳየውን መስመር ሳሳያቸው ግን አንድ ጊዜ ሳቃቸው መጣ። ከሰላምታና ከምርቃቱ ጋር መግቢያቸው ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። መስመሩ እዚያው ላይ እንደ ገደል ቁልቁል ወርዷል።

«ሰላምታ ላይ ጥለውኝ ሄዱ!» አሉና ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። መምህር ማርቆስን ሳስብ ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ ያ ሳቅ ነው።

ሰላምታውን ቆረጡት። ርዕሱን በጥያቄ ማድረግ ተማሩ። ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየው የፊት ምስል ላይ ጽሑፉ ሦስት ቃል እንዳይበልጥ ተማሩ። አንዳንዱ ነገር ያማቸው ነበር፤ «ለአንድ ሰው ጤና ይስጥልኝ ሳይሉ ነገር መጀመር ምን ዓይነት ባህል ነው?» ይሉኝ ነበር። ግን አደረጉት። ተመልካቹ ከሠላሳ ወደ ሁለት መቶ፣ ከሁለት መቶ ወደ አምስት መቶ ሄደ። ከዚያ በላይ አልወጣ አለ።

ሁሉን የቀየረው ስለ ተሻለ የሠሩት ቪዲዮ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወንድማቸው ተናገሩ። ትምህርት ቤቱ ባዶ በሆነበት ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ስልኩን ይዤ እየቀረጽኩ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሙ። እናታቸው እንዴት እንደጠበቁ ተናገሩ። ከዚያ የት ጋ እንደጠፋ ለማሳየት ጠመኔ አነሱና አፍሪካን በአንድ ጊዜ ሳሉ፤ ከሆሳዕና እስከ ታንዛኒያ መንገዱን አሰመሩበት። «እስከዚህ ድረስ ድምፁ ነበረ» አሉና ነጥብ አደረጉ። 

ያን ቪዲዮ በሳምንት ውስጥ ሺዎች አዩት። መምህር ከትምህርት ቤት እየሮጡ መጡ። መስመሩን ከፈትኩ። ስለ እናታቸው የሚናገሩበት ላይ መስመሩ ይወርዳል። ካርታው ላይ ሲደርሱ ግን ተመልሶ ይወጣል። ሰዎች እየዘለሉ ካርታው ላይ ያርፉ ነበር።

«ካርታውን ወደዱት» አሉ መምህር። ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። «ሰሚራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስደክምበት የኖርኩት ነገር እኮ ነው። ካርታ አይወዱም ትምህርት ቤት ውስጥ።»

እንግዲህ ቀጥሎ ያለውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። «እንግዲያው በክፍል በክፍል ይሥሩት» አልኳቸው። «መንገዱን ከነአደጋው በየአገሩ ይከፋፍሉት። አንዱን ያየ ሌላውን ይጠብቃል። አልጎሪዝሙም ተከታታይ ነገር ይወዳል። እያንዳንዱን ደግሞ ድንበር ላይ ሲደርሱ ይቁረጡት፤ ሰው ድንበሩን እንዴት እንደሚያልፉ ለማወቅ ሲል ይመለሳል።»

መምህር ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ እንይ» አሉ።

ክፍል አንድ እስከ ሞያሌ ነው። ክፍል ሁለት ኬንያ። ክፍል ሦስት ታንዛኒያ። ክፍል አራት ማላዊ። ለየክፍሉ ከመንገድ የተመለሱ ልጆችን እየፈለጉ ይጠይቃሉ፤ አንዲት ቦታ እንኳ በግምት አይናገሩም ነበር። ሾኔ ድረስ ሄደው አንድ እግሩ የተጎዳ ተመላሽ ግማሽ ቀን አስቀምጠው ታንዛኒያ ውስጥ የሚታለፈውን ጫካ ነገር ጠይቀው መጡ። «ሐሰት ካገኙብኝ እውነቱንም አያምኑኝም» ይሉ ነበር። በየቪዲዮው ውስጥ ረሃቡን፣ ወባውን፣ እስሩን፣ ወድቆ የቀረውን ሰው ሳይነግሩ አያልፉም። ግን ካርታው ከፊት፣ መከራው ከኋላ ሆነ። መስመሩ እንደዚያ ነበር የሚያስገድደን።

ቻናሉ አደገ። ታክሲ ውስጥ ድምፃቸውን አውቀው የሚያቅፏቸው ሰዎች መጡ። አንድ ቢሮ ስለ ሕገ ወጥ ዝውውር በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ጠርቷቸው፣ ንግግራቸው መሃል ለስላሳ መጠጥ ሲታደል ሁሉም ተነሥቶ ወጣ። ሲነግሩኝ አልከፋቸውም። «እነሱስ ሰላምታውን እንኳ ጨርሰውልኝ ነው የወጡት» አሉኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር ሁለታችንንም ያስደሰተን። ክፍል ሦስት ላይ፣ ተጓዦቹ ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ጫካው የሚገቡበትን ቦታ ጠመኔያቸው ሲያሳይ፣ መስመሩ እንደ ጉብታ ወደ ላይ ይነሳል። ሰው እየመለሰ ደጋግሞ ያየዋል ማለት ነው። መምህር ጉብታውን በጣታቸው እየነኩ፣ «እዚህ ጋ ገብቷቸዋል» ይሉ ነበር። «ተማሪ ያልገባውን አይደግምም። የገባውን ነው የሚደግመው።»

የገበያ ቀን ነበር፣ ቅዳሜ። ውጭ ሰዉና ከብቱ ጭቃውን እያቦካ ይተራመሳል። መምህር መነጽራቸውን አድርገው የተመልካቾችን አስተያየት እያነበቡ ነበር። ብዙ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ዝም ሲሉ ቀና አልኩ።

«ሰሚራ፣ ይሄን አንብቢልኝ።»

ሄጄ አየሁት። «አንብበውታል እኮ መምህር።»

«አንቺ አንብቢልኝ።»

አነበብኩት። «መምህር እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ጠቅመውናል። ክፍል አምስት መቼ ነው? ሰኞ እንነሳለን።»

ክፍል አምስት ሞዛምቢክን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ የሚያደርሰው ነው። ገና አልተሠራም ነበር።

መምህር ክፍል ሦስትን ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩ። መስመሩን አመጣሁት። ያን ጉብታ እንደገና አዩት፤ በጣታቸው ግን አልነኩትም።

«የገባቸው መስሎኝ ነበር» አሉ። «ለካ እየገለበጡ ነው።»

ለዚያ ልጅ መልስ ጻፉለት። «ልጄ፣ እኔ ይህን የሠራሁት እንዳትሄድ ነው። እባክህ አትሂድ። ስልኬ ይኸውልህ፣ ደውልልኝ።» ልጁ በደቂቃዎች ውስጥ መለሰ። «አሜን መምህር። በጸሎት አስቡን።» ስሙ የራሱ ስም አልነበረም፤ ፎቶውም የኳስ ተጫዋች ነው። ማን እንደሆነ፣ የየት ከተማ ልጅ እንደሆነ ማወቅ አልቻልንም። መምህር ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ጠበቁ። አልደወለም።

እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ እኔ ጋ መጡ። ካርታ የሌለበት ቪዲዮ ሠራን፤ ርዕሱን «አትሂዱ» አልነው። እስከ ማታ ድረስ አልጎሪዝሙ ለማንም አላቀረበውም። ያዩት ጥቂቶችም ሃያ ሰከንድ ሳይሞላቸው ወጡ። ለምን እንደሆነ ለመምህር ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቀስ ብለው «እንግዲያው እናታልላቸው» አሉ። ከዚያ በፊት ከእሳቸው አፍ እንዲህ ዓይነት ቃል ሰምቼ አላውቅም። የፊት ምስሉ ላይ ካርታ አደረግን፣ «ክፍል አምስት» ብለን ጻፍንበት፤ ውስጡ ግን መምህር ብቻ ናቸው፣ ካሜራውን እያዩ የሚለምኑ። «አንድ ጊዜ ልጨርስ» ይላሉ ቪዲዮው ላይ፤ «አትውጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጨርስ።»

ሰኞ ሕዝቡ መጣ። መንገዱ እንደሌለበት ሲያይ ወጣ። መስመሩ እንደ መጀመሪያው ቀን ገደል ሆነ። ስድቡ ወረደ፤ «ውሸታም»፣ «ራሱ ልጆቹን ልኮ ይሆናል»። ልጅ የላቸውም። ይህ ደግሞ ብቻውን አልመጣም። ሰው ከእኛ ቻናል ሲሸሽ አልጎሪዝሙ በጎን ሌላ ያቀርብለት ጀመር። ከፍቼ ሳየው የእኛው ቪዲዮ ነው። አንድ የማናውቀው ሰው አራቱንም ክፍሎች ወስዶ፣ ስለ ተሻለና ስለ ሟቾቹ የሚናገሩትን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ፣ ሙዚቃ ጨምሮበት፣ ካርታውንና የመምህርን ድምፅ ብቻ አስቀርቷል። ከእኛ በሦስት እጥፍ ይታይ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መምህር አሥረኛ ክፍል ገብተው ስም ጠሩ። ታምራት ላይ ሲደርሱ መልስ አልነበረም።

«የት እንደሄደ ማን ያውቃል?»

«ሄዷል» አለ አንዱ።

ታምራት የጎረቤታቸው የእትዬ ዘነበች አንድ ልጅ ነው። እትዬ ዘነበች ገበያ ውስጥ ቆጮ ሸጠው ነው ያሳደጉት። ከመምህር ሌላ አፍሪካን በአንድ ጊዜ የሚስል ሰው ካለ እሱ ነው፤ መምህር ለዕረፍት ወጥተው ሲመለሱ ሰሌዳው ላይ ሲሞክር ያዩትና ዝም ብለው ያልፉት እንደነበር ነግረውኛል። በኋላ አብሮት የሄደው ልጅ እንደነገረን፣ ያንን አስተያየት የጻፈው ታምራት ነው። የእነሱን ግቢና የመምህርን ግቢ የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ጥያቄውን በአጥሩ ላይ መጠየቅ ይችል ነበር።

ከናይሮቢ ለእናቱ ደወለ። «መምህርን ሰላም በይልኝ። እስካሁን እንዳሉት ነው» አላቸው። እትዬ ዘነበች ሰላምታውን እንደ ምስጋና ቆጥረው፣ አጥሩ ጋ ቆመው ለመምህር አደረሱ። መምህር ምን እንደመለሱ አላውቅም። ያን ሳምንት ኢንተርኔት ቤቴ ሲመጡ ባርኔጣቸውን ማውለቅ ረስተው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አብሮት ከሄደው አብሮ አደጉ ስልክ መጣ። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ጫካው ላይ፣ ታምራት በወባ ተይዞ እግሩ አብጦ መራመድ አቃተው። ለአንድ ቀን ተሸከሙት። መሪው «ወይ ትታችሁት ኑ፣ ወይ እዚሁ ቅሩ» አላቸው። ውኃ አስቀምጠውለት ሄዱ።

እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ቤት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መምህር አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ የተሰረቀው ቪዲዮ እንዲወርድ ማመልከቻ እየሞላሁላቸው ነበር። ስንተኛው ማመልከቻችን እንደሆነ አላስታውስም፤ ለሁሉም የሚመጣው አንድ ዓይነት መልስ ነው፣ በሰው ያልተጻፈ። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል። በሀዲይኛ ነው የተናገሩት፤ እኔም ያደግሁበት ቋንቋ ስለሆነ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«መምህር፣ ልጄ በእርስዎ ካርታ ነው የሄደው ይላሉ። እውነት ነው?»

መምህር ተነሥተው ቆሙ። «እውነት ነው።»

እኔ ጩኸት ጠበቅሁ። እርግማን ጠበቅሁ። እትዬ ዘነበች ግን ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያው ቦታውን ያውቁታል» አሉ። «የት ጋ እንደቀረ ያሳዩኝ።»

መምህር ወደ እኔ አዩ። ክፍል ሦስትን ከፈትኩና ያ ጉብታ ያለበት ቦታ ላይ አቆምኩት። ስክሪኑ ላይ መምህር ጠመኔ ይዘው ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እዚህ ደግሞ መምህር ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ አካባቢ ነው።»

እትዬ ዘነበች ጣታቸውን አጠገቡ አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ አላነሱትም።

«ብርድ ነው ሙቀት?»

«ሙቀት ነው።»

«ብርድ ልብስ አልያዘም ነበር» አሉ። «ይሁን። ሙቀት ከሆነ ይሁን።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። መምህር እስከ በሩ ሸኟቸው፤ ተመልሰው ግን አልተቀመጡም።

«ሰርዢው» አሉኝ። «ሁሉንም።»

ድረ ገጹ እርግጠኛ መሆናችንን ጠየቀ። እርግጠኛ ነን አልኩት። እንደገና ጠየቀ። እንደገና ነን አልኩት። ባዶ ገጽ መጣ። ያን ጊዜ ነው በሆዴ የያዝኩትን መደበቅ ያቃተኝ።

«መምህር፣ ድንበር ላይ ይቁረጡት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

አይዞሽ አላሉኝም። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለውም ሸክሙን አላነሱልኝም። መምህር ማርቆስ ሰውን ለማጽናናት ሲሉ የማያምኑበትን ነገር የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ባርኔጣቸውን እየደፉ ይህን ብቻ ጨመሩ፤ «ስሌቱም አልበደለንም ሰሚራ። እንዲያዩት ለመንነው፣ አሳያቸው። የጠየቅነውን ነው ያደረገው።»

ከዚያ በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ተዘጋ። እግዚአብሔርም አላህም የሰማን መስሎኝ ነበር። ሲከፈት የተሰረቀው ቪዲዮ ቅጂዎች ሦስት ሆነው ቆዩኝ። አንደኛው ክፍል አምስትንም ጨምሯል፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነው፣ ካርታው የእሳቸው።

መምህር ዝውውር ጠይቀው ወደ ባለቤታቸው አገር ወደ ሺንሺቾ ሄዱ። እዚያ «ጂኦግራፊ አትስጡኝ» ብለው ትምህርት ቤቱን ለመኑ፤ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጧቸው። አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። የኮታቸው ኪስ ንጹሕ ነው። በጣም ከስተዋል። የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ በከዘራ ይሄዱ ነበር። ስለ ሱቁ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። መኪና እስኪሞላ መናኸሪያው ድረስ አብረውኝ መጡ።

«ቪዲዮው አሁንም አለ?» አሉኝ ልገባ ስል።

«የለም መምህር። አወረዱት።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ተማሪዬ ነበርሽ እኮ» አሉ። «ሳታጠኚ የመጣሽ ቀን የምታሳዪኝ ፊት ነው።»

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ሞታቸውን በሰማሁ ማግስት ሺንሺቾ ለቀብር ደረስኩ። ከሌሊቱ ጀምሮ ዘንቦ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የእትዬ አስቴር ስልክ አያርፍም፤ ከጆሃንስበርግ፣ ከደርባን፣ ከማላውቃቸው ከተሞች የድሮ ተማሪዎቻቸው ይደውላሉ። እያንዳንዱ «አባቴ ነበሩ» ይላል። እያንዳንዱ አልቅሶ ይዘጋል። እትዬ አስቴር ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ፣ «አንቺ አናግሪያቸው፣ እኔ ደከመኝ» አለችኝ። አናገርኳቸው። እንዴት እንደደረሱ አንዱንም አልጠየቅሁም።

ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ዳገት ነው። ሳጥኑን የተሸከሙት ሽማግሌዎች ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ ከዘራቸውን ለሰው ያስያዙ ገበሬዎች፣ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። ጭቃው ያዳልጣል። ሃያ እርምጃ ሄደው ያስቀምጣሉ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቆማሉ፣ ደግሞ ያነሳሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስቀምጡ አንደኛው ሽማግሌ ደረታቸውን ይዘው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ምነው፣ ወጣት የለም እንዴ? አንድ ጎረምሳ እንኳ የለም?»

ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ተያየ። 

ከሴቶቹ መሃል መጀመሪያ የወጡት እትዬ ዘነበች ናቸው። ከሆሳዕና ድረስ መምጣታቸውንም ያወቅሁት ያኔ ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና የሳጥኑን አንድ ጎን ያዙ። ሌሎች እናቶች ተከተሉ። ያስቆመን ወንድ አልነበረም። እኔም የያዝኩትን ስልክ ለእትዬ አስቴር መልሼ ከኋላ በኩል ገባሁ። ሳጥኑ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ነበር። ዳገቱ ደግሞ ገና አልተጋመሰም።